ሊጡ ሐዋሳ ላይ ቶሎ ይቦካል

ባለፈው እትም 17 ዓመት ሙሉ ከከተማ ከተማ እየዞርኩ በየባዛሩ የኤሌክትሪክ ምጣድ ስሸጥ እንደኖርኩ በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሼ ነበር። ከ1997 እስከ 2014 ዓ.ም. ማለት ነው። ያቺ አንድ መስመር ይህን ሁሉ ደብዳቤ ታመጣለች ብዬ አላሰብኩም። ዛሬ ኮተቤ ትንሽ ሱቅ አለኝ፤ ማታ ቤቴ እገባለሁ። መንገዱ ግን ከውስጤ አልወጣም። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ እንዳለ በባዛርና በኤግዚቢሽን ሥራ ላይ ላላችሁ ሰጥቼዋለሁ። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ። ስማችሁንም እንደጠየቃችሁኝ አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ23 ዓመት ልጅ ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። በማርኬቲንግ በዲፕሎማ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ስፈልግ ቆየሁ። አሁን የቤት ዕቃ የሚያከፋፍል ድርጅት ለባዛር ሽያጭ ሊቀጥረኝ ነው። በ6 ወር ውስጥ 8 ከተማ እንዞራለን። ደሞዝ፣ ኮሚሽንና የውሎ አበል አለው። ዋስ አምጪ ብለውኛል፤ አጎቴ እሺ ብሎኛል። እናቴ ግን «ሴት ልጅ በየከተማው አልጋ ይዛ አታድርም» ብላ አሻፈረኝ አለች። ልሂድ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ ሂጂ ልጄ። ይህን አስቀድሜ የምልሽ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ቤት መቀመጥ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ስለማውቅ ነው። ግን ከመፈረምሽ በፊት ወረቀቱን ደጋግመሽ አንብቢ።

የእኔ የመጀመሪያ ጉዞ ወደ ባሕር ዳር ነበር። 40 ምጣድ በአይሱዙ ጭነን ወጣን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከላይ ሸክላ ነው፤ ሽቦው ከሥሩ ነው የሚዞረው። ያ ሸክላ ምን ያህል ሆደ ባሻ እንደሆነ ገና አላወቅኩም። ጫኞቹ አንዱን በአንዱ ላይ አጋድመው ደረደሩት፤ እኔም ቆሜ አየሁ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለት። ከድልድዩ እስከ ደጀን ዳገት። ደብረ ማርቆስ አድረን በማግስቱ ባሕር ዳር ስናወርድ 9ኙ ተሰብረዋል። ሰባራው በማን ሒሳብ እንደሚያዝ ውሌ ላይ አልተጻፈም ነበር። ከደሞዜ ተቆረጠ። ሦስት ወር የሠራሁት ለሰባራ ሸክላ ነው።

ስለዚህ ጠይቂያቸው፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበይ። ዕቃ መንገድ ላይ ቢሰበር ኪሳራው የማን ነው? ኮሚሽኑ የሚታሰበው ከጠቅላላ ሽያጩ ነው ወይስ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ? አበሉ በጉዞ ቀንም ይከፈላል? ሳይሸጥ የቀረውን ዕቃ ቆጥሮ የሚረከብሽ ማን ነው? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር በጽሑፍ ሊሰጥሽ ይገባል። ከደሞዝሽም ዝም ብሎ መቁረጥ አይችልም። የሚቆረጥበት ምክንያት ቢኖር እንኳ በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝሽ ሲሶ ማለፍ የለበትም። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የተቆረጠብኝ።

የሥራ ሰዓቱንም አንሺ። ባዛር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተከፍቶ እስከ ማታ 3 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሕጉ ግን መደበኛውን ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው ያደረገው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ብዙ ድርጅት «ኮሚሽን አለሽ አይደል?» ብሎ ሊያልፈው ይሞክራል። ኮሚሽንና ትርፍ ሰዓት ግን ለየቅል ናቸው።

የአጎትሽ ነገር ደግሞ አለ። ዋስ የሚሆንልሽ ሰው ቤት ንብረቱን ነው አደጋ ላይ የሚጥልልሽ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋስትና ላይ ከፍተኛው የገንዘብ መጠን እንዲጻፍ ያዛል። ቁጥሩ ሳይጻፍ አጎትሽ እንዳይፈርም። አንቺም ደግሞ ለእሱ ስትይ በየማታው ቆጠራ ሳታደርጊ እንዳትተኚ። የተሸጠው ስንት፣ የቀረው ስንት፣ ጥሬ ብር ስንት፣ በቴሌብር የገባው ስንት። ሁለት ሆናችሁ ቁጠሩ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ሲደክምሽ «ነገ ጠዋት እቆጥረዋለሁ» ትያለሽ። ጉድለት የሚመጣው በእነዚያ ማታዎች ነው።

ስለ ማደሪያ እናትሽ የምትለው ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ እውነት አለበት። ከተማ ሳይጨልም ግቢ። መናኸሪያ ደጃፍ ያለ አልጋ ርካሽ ነው፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጡሩምባና ጠሪ ነው፤ ሰውም አይታወቅበትም። ትንሽ ገባ ያለ፣ ባለቤቶቹ እዚያው ግቢ የሚኖሩበት ፔንሲዮን ፈልጊ። ባዛር ላይ የሚሸጡ ሌሎች ሴቶች የት እንደሚያርፉ ጠይቂ፤ ሁለተኛውን ከተማ ሳትጨርሺ ትተዋወቂያቸዋለሽ። እኔ ዘይትና ሳሙና ከምትሸጥ አንዲት ሴት ጋር 6 ዓመት አንድ ክፍል ተካፍያለሁ። ከእህቴ ጋር እንኳ እንደዚያ አልኖርኩም። የራስሽን ቁልፍ ይዘሽ ዙሪ። በሩ ላይ የቁልፍ ማንጠልጠያ ካለ የራስሽን ጓጉንቸር ታስገቢያለሽ። የቀኑን ሽያጭ ጥሬ ብር ይዘሽ አትደሪ፤ ባንክ ከመዘጋቱ በፊት አስገቢ፣ የማታውን ደግሞ በጠዋት።

እናትሽን በክርክር አታሸንፊያትም፤ አትሞክሪ። የእኔም እናት እንቢ ብላ ነበር። ያደረግኩት ይህን ነው። በየከተማው ስደርስ የፔንሲዮኑን ባለቤት ስልክ እይዝና ከእናቴ ጋር አገናኛቸዋለሁ። ጎንደር ያሉት እማማ ከእናቴ ጋር እንዲህ ተዋወቁ፤ ለጥምቀት በሄድኩ ቁጥር እኔን ትተው ስለ እሷ ጤና ይጠይቁኝ ነበር። እናትሽ የምትፈራው ልጇን የማያውቅ ከተማ ነው። በዚያ ከተማ አንድ ሰው ካወቀች ትተኛለች።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። ማንም የማይነግርሽ ይኸኛውን ነው።

ምጣድ የሚሸጠው እየተጋገረ ነው። ሰው በወሬ ምጣድ አይገዛም። ስለዚህ ሊጥ ይዤ እዞር ነበር። ጤፉን ከአዲስ አበባ ይዤ እወጣለሁ፣ እርሾውን በትንሽ ጠርሙስ። የሚቦካበት ጊዜ ግን በየከተማው ይለያል። ሐዋሳ ሊጡ ቶሎ ይቦካል፤ ማታ ያቦካሁት በማግስቱ ማታ አብሲት ይጠይቀኛል። ድሬዳዋማ ካልተጠነቀቅሽ ኮምጥጦ ይቆይሻል። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ብርድ ሦስት ቀን ቆይቶም ዝም ይላል፤ ባልዲውን በጋቢ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስቀምጬው አውቃለሁ። መጀመሪያ ድሬዳዋ የሄድኩ ጊዜ እንደ አዲስ አበባ አቡክቼ፣ የባዛሩ የመክፈቻ ቀን እንጀራው ዓይን አልወጣለትም። ሰው አየና ምጣዱ ነው ብሎ ሄደ። ዕቃሽ ምንም ይሁን ምን ከተማው ላይ ቀድመሽ ሞክሪው። ባዛሩ ከመከፈቱ አንድ ቀን ቀድመሽ ድረሺ። ድርጅቱ ለዚያ ቀን አበል አልከፍልም ቢል እንኳ ድረሺ።

መብራቱንም ጠይቂ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር መሆኑ ነው። አዘጋጆቹ የሚሰጡሽ ቀጭን ኤክስቴንሽን ይህን አይችልም፤ ይቀልጣል። እኔ በወፍራም፣ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ የራሴን ኤክስቴንሽን አሠርቼ 11 ዓመት ይዤው ዞሬያለሁ። አንቺ የምትሸጪው ምን እንደሆነ አልነገርሽኝም። የሚሞቅ ነገር ከሆነ ቡዙን፣ ማለትም የመሸጫ ቦታሽን፣ ስትረከቢ መጀመሪያ የምታነጋግሪው ሰው ኤሌክትሪሻኑ ይሁን።

የጫኝና አውራጁን ዋጋ ደግሞ መኪናው ሳይቆም ተነጋገሪ። ዕቃው መሬት ከነካ በኋላ ድርድር የለም። ምጣድ ወይም ሸክላ ከሆነ በጠርዙ ያቁሙት፤ በመሃሉ ጭድ ወይም ስፖንጅ ይግባበት። ስትረከቢ እያንዳንዱን በጣትሽ አንጓ መታ መታ አድርጊ። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል። የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል፤ ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም ጆሮሽ ይነግርሻል።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምጽፍልዎት። ባዛር ላይ በሦስተኛው ቀን ድምፄ ይዘጋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጩኸት ቀንስ ወንድሜ። ከጎንህ ያለው ቡዝ ሙዚቃ ከከፈተ ከሙዚቃው ጋር አትወዳደር፤ ሄደህ በትሕትና ለምነው፣ ካልሆነም ለአዘጋጁ ንገር። የሚቻል ከሆነ ትንሽ ማይክ ያዝ። ቀዝቃዛ ለስላሳውን ተወውና ሞቅ ያለ ውሃ ጠጣ። በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ አፍህን ዝጋ፣ እጅህ ብቻ ይሥራ። እንጀራው ከምጣዱ በሰፌድ ሲነሳ ዙሪያዬን የቆመው ሰው በራሱ ጸጥ ይል ነበር፤ ያን ጊዜ ምንም አልናገርም ነበር። መዘጋቱ ባዛሩ ካለቀ በኋላ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ 58 ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። ልጆቼ «ለገና አዲስ አበባ ባዛር ግቢ» እያሉኝ ነው። የቡዙ ኪራይ ግን ያስፈራል። ያዋጣኛል?

መልስ፦ እትዬ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ብቻዎን አይግቡ። አንድ ባለ 9 ካሬ ሜትር ቡዝ ለሁለት ሰው ይበቃል። ማር ወይም ቡና ከሚሸጥ ሰው ጋር ይካፈሉት። ደንበኛው አንድ ነው፣ ሽታውም ይስማማል። ከሽቶና ከልብስ ሻጭ አጠገብ ግን አይሁኑ፤ እነሱም ይጠሉዎታል፣ እርስዎም ይጎዳሉ። ሽንት ቤትና ትልቅ ስፒከር ያለበትን አካባቢ ይሽሹ። ሁለት መተላለፊያ የሚገናኝበት ጥግ ከተገኘ ትንሽ ጨምረውም ቢሆን ይያዙት።

የገና ባዛር ጾመ ነቢያት ላይ ነው የሚውለው። ለእርስዎ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ሽሮዎን በትንሽ ምድጃ ላይ ያንተክትኩት፤ ለሚያልፈው ሰው በትንሽ እንጀራ ያቅምሱ። ባዛር ውስጥ ሰው መጀመሪያ የሚያቆመው አፍንጫው ነው። በርበሬውን ግን ክፍት አድርገው አያስቀምጡ፤ የሚያስነጥስ ሰው አይገዛም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው ያያል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይሄዳል። አይደንግጡ፣ ዋጋም አያውርዱ። የእኔ ሽያጭ ሁልጊዜ የሚደራው በመጨረሻዎቹ ሦስትና አራት ቀናት ነበር። ዕቃዎን ለዚያ ያቆዩ።

አንድ ነገር አደራ። ሰው በስልክ ሲከፍልዎት የእሱን ስልክ አይመልከቱ። የተጭበረበረ መልእክት የሚያሳዩ አሉ። ገንዘቡ መግባቱን በራስዎ ስልክ ያረጋግጡ። ግርግር ሲበዛ አንዱ ልጅዎ ይህን ብቻ ይያዝ። ፈቃድዎን ከንግድ ጽሕፈት ቤት፣ የደረሰኝ ነገርዎን ደግሞ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ከመመዝገብዎ በፊት ይጨርሱ፤ ባዛር ላይ ተቆጣጣሪ ይመጣል።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፤ ኮምቦልቻ ነው ቤቴ። የቆዳ ጫማና ቦርሳ ይዤ ባዛር ለባዛር እዞራለሁ። በዓመት 7 ወር ያህል ከቤት ውጭ ነኝ። የ2 ዓመት ልጄ አሁን ስመጣ አልቅሳ እናቷ ጉያ ትገባለች። ባለቤቴ «እንግዳ ሆንክብን» አለችኝ። ሥራውን ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ልመልስልህ አስቤ ብዕሩን አስቀምጬ ተነሳሁ።

የእኔን ልጅ ያሳደገችው እናቴ ናት። የመጀመሪያ ጥርሱ በወደቀ ቀን እኔ ጅማ ነበርኩ። ጣሪያ ላይ ሲወረውረው «ማሚ የለችም፣ አያቴ ትበቃኛለች» ማለቱን እናቴ ኋላ ነገረችኝ። ዛሬ ትልቅ ልጅ ነው፣ ይወደኛል። ግን ሲያመው የሚጠራው አያቱን ነው። ይህን የሚጠግን ነገር አላገኘሁም። ስለዚህ «ቀላል ነው፣ ያልፋል» አልልህም።

የሠራልኝን ልንገርህ። ማታ ማታ እደውል ነበር። ልጄ የሚተኛው 2 ሰዓት ላይ ነው። 2 ሰዓት ደግሞ ባዛር የሚደራበት ሰዓት ነው። አንድ ጆሮዬ ደንበኛ ጋ፣ አንዱ ስልኩ ጋ። ልጅ ይህን ያውቃል። አንድ ቀን ዝም ብሎ ስልኩን ለእናቴ መለሰላት። ከዚያ በኋላ ጠዋት አደረግኩት። 1 ሰዓት ላይ፣ እናቴ ልብስ እያለበሰችው። ያ ሰዓት ለማንም አይሰጥም ነበር። የቀኑን ሁሉ ይነግረኛል፤ የካልሲውን ቀለም ሳይቀር። ልጅህ ገና 2 ዓመቷ ስለሆነ ብዙ አታወራህም። ፊትህን ትይ። ቪዲዮ የሚሠራበት ቦታ ፈልግና አንድ ነገር ሁልጊዜ አድርግ። አንድ ዘፈን፣ ወይ ጫማህን ስታስር ማሳየት።

ሌላው የስጦታው ነገር ነው። ስንመለስ ሻንጣ ሙሉ ይዘን እንገባለን። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ልጄ በሩ ላይ ሲሮጥ ዓይኑ ፌስታሉ ላይ መሆኑን ያየሁ ዕለት አቆምኩት። ካለህ በማግስቱ ስጣት። በገባህ ቀን ባዶ እጅህን መሬት ላይ ተቀመጥ። አትጥራት፣ አታንሳት። እሷ ናት የምትመጣው። ምናልባት በሁለተኛው ቀን።

ሥራውን ተው አልልህም፤ የቤትህን ወጪ አላውቅም። ግን የዓመቱን ባዛሮች በወረቀት ላይ ጻፋቸው፤ ከእያንዳንዱ ኪራይ፣ መኪና፣ አልጋና ምግብ ቀንሰህ በእጅህ የቀረውን አስቀምጥ። እኔ ይህን በ2005 ዓ.ም. ሳደርገው ከ11 ባዛር ሦስቱ ምንም አላተረፉልኝም። በልማድ ብቻ ነበር የምሄደው። ሦስቱን ሰረዝኳቸው። 40 ቀን ያህል ቤቴ ተመለሰልኝ። ባለቤትህ ከጎንህ ተቀምጣ አብራችሁ ሥሩት። «እንግዳ ሆንክብን» ያለችህ እንድትቀርባት ፈልጋ ነው።

ጥያቄ፦ 27 ዓመቴ ነው፤ ጅማ ነው ያደግኩት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የውሃ ማፍያ በየባዛሩ እሸጣለሁ። ከአሥሩ ሁለቱ በወሩ ይበላሻሉ፤ አንዳንዱ ይነዝራል። ለአለቃዬ ስነግረው «ባዛር ነው፣ ነገ ከተማ እንቀይራለን» አለኝ። ሌላ ሥራ የለኝም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ለእኔ የተባለው «ባዛር ላይ የተሸጠ ዕቃ ተመልሶ አይመጣም» ነበር። ያኔ የምሠራበት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነው ያለኝ። አመንኩት፤ እኔም 28 ዓመቴ ነበር።

2002 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ በ8 ቀን 60 ምጣድ ሸጥኩ። ከዚያ በፊት እንዲህ ሸጬ አላውቅም። በዓመቱ ወደዚያው ባዛር ተመለስኩ። የመጀመሪያው ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ገና ሊጡን እያማሰልኩ ነበር። አንዲት ሴት መጣች። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር በጭንቅላቷ ተሸክማለች። ጠረጴዛዬ ላይ አወረደችው፣ ነጠላውን ፈታችው፣ ምንም አልተናገረችም። የእኔው ምጣድ ነው። ሸክላው ለሁለት ተከፍሏል፤ ሽቦው መጋጠሚያው ላይ ጠቁሯል። ገለበጥኩት። የኧርዝ ሽቦው፣ ኤሌክትሪኩ ሰው እንዳይነዝር ወደ መሬት የሚወስደው፣ ከቆርቆሮው ጋር አልተያያዘም፤ ተቆርጦ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። ከፋብሪካ ሲወጣም እንደዚያ ነበር። «ልጄን ነዝሮት ወድቆ ነበር» አለችኝ። «ተረፈ?» አልኳት። «ተረፈ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔ ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ማማሰያውን ባልዲው ውስጥ ጣልኩት።

አዲስ ምጣድ አንስቼ፣ እዚያው ፈትቼ፣ ኧርዙን ራሴ አያይዤ፣ ሰክቼ አሳየኋት። ወሰደችው። ዋጋው ከደሞዜ ተቆረጠ። በዚያ ባዛር ላይ ያመጣሁትን ምጣድ ሁሉ ሌሊቱን ገልብጬ አየሁ። 14ቱ እንደዚያው ነበሩ። ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩ። የመለሰልኝ ለአንተ አለቃህ ካለህ ብዙም አይለይም። 14ቱን ወደ ጎን አድርጌ የቀሩትን ሸጥኩ፤ ስመለስም 14ቱን ዝርዝር ጽፌ አስረከብኩ። በሦስተኛው ወር ከድርጅቱ ወጣሁ። ክረምት ነበር፤ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ሁለት ወር ከእናቴ ጋር በርበሬ ቀንጥሼ ኖርኩ።

ወንድሜ፣ የሚነዝረውን አትሽጥ። ውሃና ኤሌክትሪክ ነው፤ እጁ ረጥቦ የሚነካው ሰው አለ። ለአለቃህ የነገርከውን በስልክ መልእክትም ጻፍለት፤ ኋላ «አልነገረኝም» እንዳይል። ከአሁን ጀምሮ እያንዳንዱን ማፍያ ገዢው ፊት ውሃ አድርገህ ሰክተህ አፍላው። አምስት ደቂቃ ነው። ሰልፉ ይረዝማል፤ ይርዘም። የማይሠራው እዚያው ይለያል፤ ለየብቻ አስቀምጠው፣ ቁጠረው፣ ጽፈህ መልሰው። ሲፈላ ደህና የሆነውም በወሩ ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ አለቃህ የዋስትና ጊዜ በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ ጠይቀው። እንቢ ካለህ በዚህ ሁለት ሦስት ወር ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምር። አሁኑኑ ውጣ አልልህም፤ ባዶ ሆድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እዚያ አትሰንብት።

እኔ ከዚያ በኋላ ለገዢ ሁለት ነገር ሳልነግር ምጣድ ሸጬ አላውቅም። አንደኛው የማሟሸቱ ነገር ነው። እኔ ፊታቸው የምጋግርበት ምጣድ በጎመን ዘር ቀናት የተሟሸ ነው፤ እንጀራው ተንሸራቶ ይነሳል። የሚገዙት ግን ጥሬ ነው። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ይጣበቁባቸዋል። ይህን ካልነገርኳቸው የተታለሉ ይመስላቸዋል፤ እውነትም ተታልለዋል። «ሦስት ቀን አሟሹት፣ የመጀመሪያዎቹ ቢበላሹ አትደንግጡ» እላቸዋለሁ። ይህን ሰምቶ ሳይገዛ የሄደ አለ። ሁለተኛው ስልኬ ነው። በማይለቅ ቀለም ከቆርቆሮው ሥር ጻፍኩት፤ በእያንዳንዱ ምጣድ ላይ።

ባለፈው ሳምንት ከወላይታ ሶዶ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። በ2006 ዓ.ም. ሐዋሳ ባዛር ላይ ነው ከእኔ የገዛችው። ዘንድሮ ሽቦው ተቃጠለባት። ምጣዱን ገልብጣ ቁጥሬን እያነበበች ነበር የምታናግረኝ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ተፍቀው በግምት ነው ያገኘችኝ፤ ከእኔ በፊት ሁለት ሰው ደውላለች። ሸክላውን በጣትሽ አንጓ መታ አድርጊው አልኳት። ስልኩን አስጠግታ መታችው። ጥርት ብሎ ጮኸ። ሽቦውን ብቻ ነው የምትቀይሪው፣ ሠሪው ኧርዙን መልሶ ማሰሩን ቆመሽ እይ አልኳት።